የምስጢር ቁጥራቸውን ለማን ይንገሩ?

ወደ ሳሪስ ገበያ ጎራ ብለው ከሆነ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በማዳበሪያ ላይ ዘርግተው የሚሸጡ እናቶችን ሳያዩ አላለፉም። ዛሬ ገዢው ብር ከመቁጠር ይልቅ «በስልክ ልላክልዎ» ማለት አብዝቷል። በቅርቡ ከአንዷ እናት ዘንድ ቆሜ ሳለሁ ስልካቸው ጮኸ። እሳቸውም ስልኩን ለአንድ ወጣት ሰጥተው፣ «እስቲ ገብቶልኝ እንደሆነ እይልኝ ልጄ» አሉት። የምስጢር ቁጥር ሲጠየቅም አንድ በአንድ ጮክ ብለው ነገሩት።

«ለሰው እንዴት ይነግራሉ እማማ?» አልኳቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ፤ ቁጥሩንስ ለይቼ አውቃለሁ፤ ጽሑፉን ማን ያንብብልኝ?» ሲሉ መለሱ።

የምስጢር ቁጥር የሣጥን ቁልፍ ማለት ነው። ቁልፉን ለሌላ የሚያሲዝ መተግበሪያ፣ ወይም በተለምዶ አፕ የምንለው፣ የተሠራው ማንን በማሰብ ነው? ጥፋቱን በእኚህ እናት ላይ ብቻ መጣል ተገቢ አይደለም።

የተጠቃሚን ችግር አውቆ መሥራት እንደሚቻል የሚያሳዩ ምሳሌዎች በአገራችን አሉ። የራይድ መሥራች ሳምራዊት ፍቅሩ፣ ማታ ከሥራ ሲወጡ ታክሲ ማግኘትና በዋጋ መስማማት ይቸግራቸው እንደነበር ተናግረዋል። ሥራቸው የተነሣው ከዚሁ ችግር ነው። ዘመናዊ ስልክ የሌለው ሰውም ወደ 8294 ደውሎ መኪና እንዲያዝ መንገድ ተከፍቷል። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመረው ቴሌብርም ከአማርኛ ሌላ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በእንግሊዝኛ ያገለግላል፤ ኢንተርኔት ለሌለው ተራ ስልክም *127# አለው።

ይሁን እንጂ ቋንቋ መጨመር ብቻውን ፊደል ላልቆጠሩ እናት አይበቃም። ሥዕልና ድምፅም ያስፈልጋል። በመሆኑም ባለሙያው ከቢሮው ወጥቶ ገበያ ውስጥ ከተጠቃሚዋ አጠገብ ሊቀመጥና ጣቷ የት ላይ እንደሚቆም ዝም ብሎ ሊያይ ይገባዋል። ገንዘብ ሳይደርስ ሲቀር ምን እንደሆነና ምን ማድረግ እንደሚገባ በግልጽ ይነገራት። ለሥራው የማያስፈልገውን የግል መረጃ አይጠይቃት። የለመደችውን ምልክት በአንድ ሌሊት ቦታ መቀየር፣ ባለቤቷ ሳትሰማ የጓዳዋን ዕቃ እንደመለዋወጥ ነው። ስትቸገርም ስልክ አንሥቶ የሚያናግራት ሰው ይኑር። መተማመን የሚገኘው በማስታወቂያ ብዛት ሳይሆን በዚህ ነው።

እርስዎም አንባቢያችን፣ እናትዎን «አምጪው ልሥራልሽ» ከማለት ይልቅ አጠገባቸው ተቀምጠው ያስተምሯቸው። የምስጢር ቁጥራቸውን ግን ልጅ ቢሆኑም አይጠይቋቸው። አገልግሎቱ ሲያስቸግርዎ ደግሞ ለድርጅቱ ይንገሩ፤ ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳምና።

የሳሪሷ እናት ያን ዕለት ቁጥራቸውን ቀየሩ። እኔ ጽሑፉን አነበብኩላቸው፤ ቁጥሩን ግን ራሳቸው ነኩ። በዚያን ጊዜ እኔ ፊቴን ወደ ሽንኩርቱ አዙሬ ነበር። «ጨረስኩ» ሲሉኝ ስልኩን መቀነታቸው ውስጥ ከተቱና ወደ ሚዛናቸው ተመለሱ።