ለጥጥ አራሾች የተከፈለው የመንግሥት ገንዘብና የእኩል አራሾች ድርሻ

መንግሥት ለአራሽ የሚሰጠው ገንዘብ ከግምጃ ቤት ወጥቶ እስከ እርሻው ሲደርስ በማን እጅ እንደሚያልፍና በየእጁ ምን ያህል እንደሚቀር ለማወቅ፥ በአሜሪካ፥ በአርካንሳስ ግዛት፥ በፖይንሴት ወረዳ የሆነውን መመልከት ይጠቅማል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1929 ዓመት አንዱ ፓውንድ ጥጥ ከ16 ሳንቲም በላይ ይሸጥ ነበር፤ በ1932 ግን ወደ 6 ሳንቲም ወረደ። ስለዚህ በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን፥ በሜይ 12 ቀን 1933፥ የእርሻ ማስተካከያ ሕግ ወጣ። የሕጉም ሐሳብ ምርቱ ሲያንስ ዋጋው ይነሣልና መሬቱን ላሳረፈ ሰው መንግሥት ይክፈለው የሚል ነበር። ለዚህም የሚሆነው ገንዘብ የተገኘው በፋብሪካዎች ላይ በየፓውንዱ ጥጥ 4.2 ሳንቲም ግብር በመጣል ነው።

ሕጉ የወጣው ጥጡ ከተዘራ በኋላ ስለ ሆነ፥ በመጀመሪያው ዓመት የበቀለውን ገልብጦ ማረስ ግድ ሆነ። 10 ሚሊዮን ኤክር፥ ይኸውም ወደ 100 ሺህ ጋሻ መሬት የሚሆን ጥጥ ከአፈር ተቀላቀለ፤ ለባለእርሻዎቹም ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፈለ። በቅሎዎቹ ግን ቡቃያ እንዳይረግጡ ተለምደው ስለ ነበር፥ በጥጡ ላይ ሂዱ ቢባሉ እንቢ ብለው አራሾቹን አስቸገሩ ይባላል።

ለ1934 በተጻፈው ውል ባለርስቱ ከጥጥ መሬቱ 40 ከመቶ ያህሉን አሳርፎ፥ ከዚያ መሬት ይገኝ በነበረው ጥጥ መጠን በየፓውንዱ 3.5 ሳንቲም ኪራይ ከመንግሥት ይቀበላል፤ በዚህም ላይ 1 ሳንቲም የዋጋ ማካካሻ ይጨመርለታል። ኪራዩ የባለርስቱ ብቻ ሲሆን፥ ማካካሻውን ከእኩል አራሹ ጋራ ይካፈላል። እኩል አራሽ የተባለው፥ በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያም እንደ ነበረው፥ በሰው መሬት አርሶ ምርቱን ለሁለት የሚካፈል ነው። እንግዲህ በምርቱ እኩል ተካፋይ የነበረው ሰው ከመንግሥቱ 4.5 ሳንቲም ግማሽ ሳንቲም፥ ይኸውም ከ9 እጅ 1 እጅ ብቻ ደረሰው። ይህም ቢሆን በባለርስቱ ሱቅ በዱቤ ለወሰደው ቀለብ ዕዳ ተይዞ የሚቀርበት ጊዜ ነበረ። አቤቱታውን የሚሰሙት የወረዳ ኮሚቴዎችም ባብዛኛው ከባለርስቶች የተመረጡ ስለ ነበሩ፥ ዳኛው የተከሳሹ ጎረቤት ነበር።

ከገንዘቡ ይልቅ የከፋው መባረሩ ነው። መሬቱ ካረፈ አራሹ አያስፈልግም፤ አራሹ ከሄደ ደግሞ ድርሻው ለባለርስቱ ይተርፋል። የውሉ 7ኛ ክፍል ባለርስቱ የጭሰኞቹን ቍጥር «በተቻለው መጠን» እንዲጠብቅ ያዛል፤ ለሚከፈለው የሳንቲም ግማሽ እንኳ ልክ ያበጀ ውል ይህን ታላቅ ነገር ያለ ልክ መተዉ ያስደንቃል። በፖይንሴት ወረዳ በታይሮንዛ አጠገብ ቤተ ሰቦች ከነልጆቻቸው ከተባረሩ በኋላ፥ በጁላይ 1934 ዓመት 11 ነጮችና 7 ጥቁሮች በአንድ ትምህርት ቤት ተሰብስበው የደቡብ ጭሰኛ ገበሬዎች ማኅበርን አቆሙ። ዘርና ዘር ተለያይቶ በሚኖርበት አገር ባንድ ጉባኤ መቀመጣቸው ራሱ ድፍረት ነበር።

በዋሽንግቶን ያሉ የመንግሥት ሕግ ዐዋቂዎች ውሉ ቍጥሩን ብቻ ሳይሆን ያንኑ ሰው ማቈየትን ያስገድዳል ብለው ተረጐሙ። የሥራው ኀላፊ ቼስተር ዴቪስ ግን በፌብሩዋሪ 1935 ትርጓሜውን ሽሮ፥ ጀሮም ፍራንክን ከባልደረቦቹ ጋራ ከሥራ አወጣ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 6 ቀን 1936 የ1933ቱን ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋራ አይስማማም ብሎ ሻረው። በ1938 የወጣው ሕግ ግን ገንዘቡ እንደ ምርቱ ድርሻ እንዲከፈል፥ ባለርስቱም ጭሰኛ በመቀነሱ የሚያገኘው ገንዘብ እንዳይጨምር ደነገገ። ይሁን እንጂ ብዙ ባለርስት ከተካፋይ ይልቅ በቀን ምንዳ የሚሠራውን መረጠ፤ ትራክተርም እየበዛ ሄደ። በ1930 በደቡብ ክፍል 776 ሺህ የነበሩት እኩል አራሾች በ1940 ሲቈጠሩ 541 ሺህ ሆነው ተገኙ።