የእድሩ ድንኳን ስንት ጊዜ ወጣ?

በኮሮና ጊዜ ለቅሶ ቤት አንድ ክርክር አይጠፋም ነበር። «አባባ እኮ ስኳር ነበረባቸው፤ ስንት ዓመት በመርፌ ነው የኖሩት። ምን ሲባል ኮሮና ተብሎ ይጻፋል?» ይላል አንዱ ልጅ። ሐዘን ብቻ አይደለም የሚያናግረው፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልስም አለው።

የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች እንዲሠሩበት ያዘጋጀው የሞት መንስኤ ቅጽ ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ላይ ሐኪሙ ከሞቱ ተነሥቶ ወደ ኋላ እየሄደ ይጽፋል። መጨረሻ ላይ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ትንፋሹን ያሳጠረው የሳንባ ምች ነው፤ የሳንባ ምቹን ያመጣው ኮቪድ ነው። ስኳርና ደም ግፊት ሞቱን ያገዙ ተብለው በሁለተኛው ክፍል ይሰፍራሉ። ለቆጠራ የሚወሰደው የነገሩ መነሻ ነው። ግድግዳው ያረጀ ቤት ጎርፍ መጥቶ ቢንደው፣ ናደው የምንለው ጎርፉን ነው፤ ጎርፉ ባይመጣ ቤቱ ገና ስንት ክረምት ይሻገር ነበር። አባባም ከነስኳራቸው ገና ስንት ፋሲካ ይውሉ ነበር።

ተጠራጣሪዎቹ እውነት የያዙት ሌላ ቦታ ላይ ነው። ማታ ማታ በዜና እንሰማው የነበረው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከዚህ ወረቀት አይመጣም ነበር፤ ወረቀቱ ተሞልቶና ተመዝግቦ እስኪሰበሰብ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ብዙ አገሮች የምርመራ ውጤትን ከሟቾች ዝርዝር ጋር እያመሳከሩ ይቆጥሩ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ አንድ ጊዜ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው፣ ድኖ ከወራት በኋላ መኪና ቢገጨው እንኳ ከኮቪድ ሟቾች ይደመር ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 2020 ከምርመራው በኋላ በ28 ቀን ውስጥ የሞተ ብቻ ይቆጠር ሲባል፣ የብሪታንያ ድምር በአንድ ቀን ከ46,706 ወደ 41,329 ወረደ። ይህን ያየ ሰው «ዋሽተውናል» ቢል አልፈርድበትም። ግን በዚያው ጊዜ ሐኪሞች በሞት ምስክር ወረቀት ላይ ኮቪድ ብለው የጻፉላቸው ሟቾች ከሁለቱም ቁጥሮች ይበልጡ ነበር። ከእነሱ ውስጥ ሳይመረመሩ የሞቱ ብዙ ነበሩና።

ስሕተቱ በአብዛኛው ያጋደለው ወደዚህ ነው፤ ወደ ማሳነስ። ፔሩ በ2021 መዝገቧን እንደገና ስትፈትሽ 69,342 ስትለው የነበረው ቁጥር 180,764 ሆነ። እኛ አገር «ሬሳ ምን ይመረመራል?» የሚል ቅሬታ ብዙ ተሰምቷል። ለምን እንደሚመረመር የዛምቢያ ዋና ከተማ ሉሳካ ታሳያለች፤ በ2020 ተመራማሪዎች እዚያ የ364 ሟቾችን አስከሬን መርምረው በ70 ሰዎች ላይ ቫይረሱን አገኙ። ከእነዚህ ውስጥ ሆስፒታል ሳይደርሱ ከሞቱት አንዱም በሕይወቱ ሳለ አልተመረመረም ነበር።

ታዲያ ምርመራም ሐኪምም በሌለበት እንዴት ይቆጠራል? የእድር ጸሐፊን መዝገብ አስቡት። የእድሩ ድንኳን በደኅናው ዓመት 12 ጊዜ ይወጣ ከነበረና ዘንድሮ 20 ጊዜ ከወጣ፣ አንድ ነገር ሰፈሩን መትቶታል። ጸሐፊው ማን በምን እንደሞተ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ስምንቱ ለቅሶ ከወትሮው በላይ ነው። ባለሙያዎች ይህን «ትርፍ ሞት» ይሉታል፤ ትርፍ የሚለው ቃል ከሞት ጎን ሲቆም ለጆሮ ይከብዳል። ወረርሽኙን ፈርታ ሐኪም ቤት ሳትሄድ በምጥ የሞተችም እዚህ ውስጥ ትገባለች፤ መንገዱ ጭር በማለቱ ከመኪና አደጋ የተረፈው ደግሞ ከድምሩ ላይ ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ መንገድ አስልቶ፣ በ2020 እና በ2021 አገሮች ሪፖርት ያደረጉት ሞት 5.4 ሚሊዮን ሲሆን ከወትሮው በላይ የሞተው ግን ወደ 14.9 ሚሊዮን እንደሚደርስ ገምቷል።

አዲስ አበባ ይህን ዘዴ ከኮሮና በፊት ታውቀዋለች። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋ የመቃብር ስፍራዎች የሚቀበረውን ሰው ዕድሜና ጾታ፣ ቤተሰቡም በምን ሞተ እንደሚል ያስመዘግቡ ነበር። በዚያ ዘመን ኤድስ ብሎ የሚናገር ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ «ሳንባ ነው» ይባላል፣ ሰውም አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። ዕድሜው ግን አይደበቅም። ልጆች የሚያሳድጉ፣ ገና ጉልበታቸው ያልደከመ ሰዎች ከሚጠበቀው በላይ ይቀበሩ ነበር። ነፃው የኤድስ መድኃኒት በ2005 እ.ኤ.አ. ከገባ በኋላ የእነዚህ ቀብር መቀነሱንም ያሳየው ያው የመቃብር መዝገብ ነው። ከሁሉም የሚነካኝ ይህ ሥራ ነው፤ ቤተሰብ አፍሮ የሸሸገውን፣ የማንንም ገመና ሳይገልጥ ቆጥሮታል።

ዘዴው ግን የደኅናውን ዓመት መዝገብ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ቢልም፣ ብዙ ቤተሰብ ወደ ጽሕፈት ቤቱ የሚሄደው የውርስ ወይም የባንክ ጉዳይ ሲገጥመው ነው። በኮቪድ ሞቱ ተብለው በአገራችን የተነገሩት ከ7,500 ጥቂት ይበልጣሉ። በዚያው ጊዜ ገጠር ውስጥ ሲያስላቸው ሰንብቶ ያረፉ፣ የሚወረስ ቤትም የባንክ ደብተርም ያልነበራቸው እናት ግን ስማቸው የሚገኘው እድሩ ደብተር ላይ ነው፤ ድንኳኑ የወጣበት ቀን ተጽፎ።