ደላላው ቀድሞ ተደራጅቷል

ከላይ ጋይንት ወይም ከስማዳ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ አዲስ አበባ ገብታ ሰው ቤት እንድትቀጠር ስንት ሰው ይተባበራል? እስቲ እንቁጠር። ለበዓል መጥቶ “ደህና ሥራ አለ” የሚል ዘመድ አለ። የመሳፈሪያ የሚያበድር ጎረቤት አለ። ነፋስ መውጫ ወይም ደብረ ታቦር መናኸሪያ ላይ “ከማን ጋር ነሽ?” ሳይል የሚያሳፍራት ረዳት አለ። አዲስ አበባ ስትወርድ ጫማዋንና የያዘችውን ፌስታል አይቶ አገሯን የሚገምት፣ “ነይ የኔ እናት፣ ማረፊያ አለሽ?” የሚላት ደላላ አለ። በመጨረሻም “ልጅ ትሻላለች፣ እንደፈለግሽ ታሠሪያታለሽ” ተብላ የምትቀጥር እመቤት አለች። አምስቱ ሰዎች አንድም ቀን ሳይሰበሰቡ፣ አንድ ቃለ ጉባኤ ሳይፈርሙ ሥራውን ከዳር ያደርሱታል።

ወደ እኛ፣ ልጅቷን መጠበቅ ወደሚገባን ወገን እንምጣ። ልጅቷ መቅረቷን መጀመሪያ የሚያውቀው የክፍል ኃላፊው መምህር ነው፤ “አቋርጣለች” ብሎ ከመዝገብ ይሰርዛታል። የሴቶችና ሕጻናት ጽሕፈት ቤት በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ላይ ያገኛታል፣ ያውም በቁጥር ውስጥ ተጠቅልላ። ፖሊስ ከሳሽ ይፈልጋል፤ የላካት ቤተሰቧ ስለሆነ ከሳሽ የለም። የነፍስ አባቷ ያውቃሉ፣ ግን ማንም አልጠየቃቸውም። እድሩ የሞተውን እንጂ የሄደውን አይመዘግብም። ሁሉም አንድ አንድ ቁራጭ ይዟል፤ ቁራጮቹን የሚገጣጥም ግን የለም።

የሕግ እጥረት አለብን ማለት አይቻልም። ዐፄ ቴዎድሮስ በንግሥናቸው መጀመሪያ የባሪያ ንግድን ከልክለው ነበር። በ1934 ዓ.ም. ባርነት በአዋጅ ቀረ። ዛሬ በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው፤ የተነገደባት ሴት ወይም ሕጻን ከሆነች ቅጣቱ ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የፓሌርሞ ፕሮቶኮልም ልጅን ለብዝበዛ መመልመል ልጁ ቢስማማም ወንጀል ነው ይላል። ስለዚህ “ራሷ ፈልጋ ነው የመጣችው” የሚለው የደላላው መከራከሪያ ውኃ አያነሳም።

ቀዳዳው ያለው ሌላ ቦታ ነው፣ ልጅቷ ገብታ በሩ ከተዘጋ በኋላ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የሥራ መግቢያ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጓል። የቤት ሠራተኛን ግን አይመለከትም፤ የእሷን ጉዳይ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። የ1996ቱ አዋጅም እንዲሁ ብሎ ነበር፤ በመካከሉ በነበሩት 15 ዓመታት ደንቡ አልወጣም። የቀራት በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት አንቀጾች ናቸው። የእረፍት ቀኗን፣ የሥራ ሰዓቷን፣ ደሞዟን የምትወስነው እመቤቷ ናት። “ይቀመጥልሽ” የተባለው ደሞዝ ስትወጣ “ሰሃን ሰብረሻል” ተብሎ ይቆረጣል።

ለምን ይሄዳሉ? ከጉና ተራራ ዙሪያ እስከ ተከዜ ተፋሰስ ያለው መሬት ተሸንሽኖ አልቋል። ጋይንት፣ ስማዳ፣ እብናት ሴፍቲኔት ከተጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ እርዳታ የሚቀበሉ ወረዳዎች ናቸው። ሌላው ምክንያት ጋብቻ ነው። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ቢከለክልም፣ ቀን የተቆረጠባት ልጅ ብዙ ጊዜ ያላት ምርጫ አውቶቡስ ነው። እንዲህ ያለችውን ልጅ ይዞ “ወደ ቤተሰቧ መልሰናል” ብሎ ፎቶ ማንሳት ወደ ሸሸችው ነገር መልሶ ማስረከብ ነው፤ እኔ መፍትሔ አልለውም።

ወንዶቹ ወደ ቆላ ይወርዳሉ። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚጎርፈውን የቀን ሠራተኛ በወጉ የቆጠረው ማንም አልነበረም። የቆጠረው በሽታ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ካላዛር ሲነሳ ሕዝቡ መጀመሪያ ወባ መስሎት ነበር። በሽታው ከቆላ እርሻ በተመለሱ ሠራተኞች እንደመጣ ይታመናል፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ሕክምና ከፍተው ብዙ ሰው አከሙ። ያኔ ጤና ቢሮውም፣ አስተዳደሩም፣ ሕዝቡም በአንድ ጉዳይ ቆሙ። እንዲያ መቆም ይቻላል ማለት ነው።

ከመተማ ማዶ ሱዳን፣ ከሱዳን ማዶ ሊቢያ አለ። ሚያዝያ 2007 በአይሲስ የተገደሉት ወገኖቻችን ሞት አገር አስለቀሰ፤ መንገዱ ግን አልተዘጋም። ወደ ዓረብ አገር የሚደረገው ጉዞ ጥቅምት 2006 ሲታገድ በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ከ160 ሺ በላይ ኢትዮጵያውያን አባረረች፤ እገዳው እስከ 2010 በቆየባቸው ዓመታት ሥራውን የወሰደው ሕገ ወጡ ደላላ ነው። ትልልቆቹን ብቻ ማሳደድም አያዋጣም። ሊቢያ ውስጥ ስደተኞችን አግቶ ቤዛ በመቀበል የተከሰሰው ኪዳነ ዘካርያስ አዲስ አበባ ከተያዘ በኋላ የካቲት 2013 ከፍርድ ቤት አመለጠ፤ የተያዘው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ሱዳን ላይ ነው። ደፍረው የመሰከሩበት ተበዳዮች በዚያ ሁሉ ጊዜ ምን ተሰማቸው?

የሰሜኑ ጦርነት ደግሞ ሁሉንም አባባሰው። ነሐሴ 2013 ነፋስ መውጫ በውጊያ ተያዘች፤ ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ያ ስሟ ይሰረዝበት የነበረው መዝገብ እንኳ የለም።

የ“ግንዛቤ ማስጨበጫ” ስልጠና ብዙ አይተናል፤ አበል ተከፍሎ፣ ባነር ተሰቅሎ ይበተናል። እናት ግን አደጋውን አታጣውም፤ ያጣችው ሌላ አማራጭ ነው። የሚያስፈልገው ያነሰና የከበደ ነገር ነው፦ ልጅ አንድ ሳምንት ስትቀር መምህሩ ለቀበሌው የሚያሳውቅበት ግዴታ፣ ብቻዋን የምትሳፈር ልጅ ሲያይ ረዳቱ የሚደውልለት ሰው፣ ጋብቻ ሸሽታ የወጣች ልጅ ደብረ ታቦር ላይ የምታድርበት ቤት፣ ለቤት ሠራተኛ ደግሞ የተጻፈ ውል።

ደንቡ እስኪወጣ ድረስ ግን አንዱ በር በእርስዎ እጅ ነው። ቤትዎ የምትሠራ ልጅ ካለች ዕድሜዋን ይጠይቋት። ከ15 በታች ከሆነች ሠራተኛ አይደለችም፤ የሚመለከተውን ቢሮ ያነጋግሩላት። ከዚያ በላይ ከሆነች ደሞዟን በእጇ ይስጧት፣ የማታ ትምህርት ያስመዝግቧት፣ ስልክዎን አበድረው ለእናቷ ያስደውሏት።