በሰመር ቢጫ የሚሆን ሣር

በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በየግቢው በብዛት የሚዘራው ሣር ቶል ፌስኪዩ ይባላል። ቀዝቀዝ ያለ አየር ስለሚወድ በደንብ የሚያድገው በጸደይና በመኸር፣ ሙቀቱ ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ፋራናይት ሲሆን ነው። ጁላይና ኦገስት ላይ ሙቀቱ 90ን ሲያልፍ ግን እድገቱ ይገታል፤ ቅጠሉም ይገረጣል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ደንግጠው ውሃና ማዳበሪያ ያበዛሉ። ይህ ጥድፊያ ሣሩን ከሙቀቱ ባልተናነሰ ይጎዳዋል። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ሣሩ ምን እንደነካው ነው።

ዝናብ ጠፍቶ ግቢው በሙሉ ከደረቀ፣ አንድ ዘለላ ነቅሎ ቅጠሉ ከሥሩ የሚገናኝበትን ቦታ ማየት ነው። ነጭና ጠንካራ ከሆነ ሣሩ በሕይወት አለ፤ ቡናማና ልፍስፍስ ከሆነ ሞቷል። ለምለም ሆኖ እንዲቆይ ከተፈለገ፣ ከዝናቡ ጋር ተደምሮ በሳምንት 1 ኢንች ያህል ውሃ ይበቃዋል። መጠኑን ለማወቅ ባዶ የቱና ቆርቆሮ ግቢው ላይ አስቀምጦ የተጠራቀመውን ውሃ መለካት ይቻላል።

ክብ ክብ ሆኖ የሚደርቅ ሣር ግን ሌላ ነገር ያመለክታል። በአካባቢው በብዛት የሚታየው በሽታ ብራውን ፓች ሲሆን፣ የሚያመጣው ፈንገስ ነው። የሚበረታው ሌሊቱ ሞቃትና ወበቃማ ሲሆን፣ ቅጠሉም ለብዙ ሰዓት እርጥብ ሆኖ ሲያድር ነው። በማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ ጎንበስ ብሎ ለሚያይ፣ ሣሩ ላይ ነጭ ድር የመሰለ ነገር ሊታይ ይችላል፤ ቅጠሉ ላይ ያለው ቁስል ደግሞ መሃሉ ገለባ መልክ፣ ዳሩ ጥቁር ቡናማ ነው። ሣር ማታ ማታ ማጠጣት ለዚህ ፈንገስ መንገድ መጥረግ ነው። ማጠጣት የሚገባው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ፀሐይዋ ቅጠሉን ቶሎ ታደርቀዋለች። የናይትሮጅን ማዳበሪያም በሰመር ቢቀር ይሻላል፤ ለስላሳ ቅጠል ያበቅልና በሽታውን ያባብሳል። የፈንገስ መድኃኒት ገና ያልታመመውን ይከላከላል እንጂ የደረቀውን ቅጠል አይመልስም። ደግነቱ በሽታው ብዙ ጊዜ ሥሩን ስለማይገድል፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ሣሩ ያገግማል።

በሰመር መጨረሻ የደረቀው ሣር ሲጎተት እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተነሣ፣ ሥሩን የበላው የጥንዚዛ እጭ ነው። እጩ ነጭና ቆልመም ያለ ሲሆን፣ ከሚያፈሩት ጥንዚዛዎች አንዱ ጃፓን ቢትል የሚባለው ነው። በአንድ ስኩዌር ፊት ውስጥ ጥቂት እጭ ቢገኝ ጤናማ ሣር ይችለዋል፤ ከ10 ካለፈ ግን መድኃኒት ያስፈልጋል።

አጨዳም ትልቅ ድርሻ አለው። ከ3 እስከ 4 ኢንች ቁመት ያለው ሣር አፈሩን ያጠላል፣ ክራብግራስ የተባለው አረም እንዳይበቅልም ያግዳል። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶውን ብቻ ማንሣት ይበቃል። ምላጩ የደነዘዘ ማሽን ቅጠሉን ስለሚቦጫጭቀው ጫፉ ይነጣል።

የተራቆተ ቦታ ላይ በሰመር ዘር መበተን ገንዘብ ማባከን ነው፤ የበቀለው ችግኝ በሙቀት ያልቃል። ትክክለኛው ጊዜ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ያለው ነው። ማዳበሪያም የሚጨመረው ያኔ ነው። ይሁን እንጂ በሜሪላንድ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ እንዳይበከል በወጣው ሕግ መሠረት፣ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ማርች 1 ሣር ላይ ማዳበሪያ መጨመር ክልክል ነው።