ሲኒውን ገልብጡት

ከስድስቱ ሲኒ አንዱ ሲሰበር ፍለጋው ወደ መርካቶ ይወጣል። ፈላጊዋ የምታስታውሰው ግማሽ ግማሹን ነው፦ ከራጉኤል ወረድ ብሎ፣ ደረጃው ጠበብ ያለ ሱቅ፣ ሲኒው ባለ ቀይ አበባ። ችግር የለውም፤ መርካቶ በሱቅ ስም አይፈለግም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የአራዳውን ገበያ ወደ ምዕራብ ሲያዛውር የተመሠረተው ይህ ገበያ የሚታወቀው በተራው ነው፤ ሰው የሚጠይቀውም ተራውን ነው። ችግሩ የሚመጣው የቤት ዕቃ መሸጫው ጋ ከደረሱ በኋላ ነው። ባለ ቀይ አበባ ሲኒ በየመደርደሪያው ሞልቷል፤ ከቤቱ ጋር የሚገጥም ግን የለም።

ጥፋቱ የአበባው ነው። አብዛኛው የሲኒ አበባ በእጅ አይሣልም። በልዩ ወረቀት ላይ ይታተማል፣ ውሃ ይነከራል፣ አንዴ በስሎ በወጣው ሲኒ ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ ሲኒው ተመልሶ እሳት ይገባል። ልጥፉን አትሞ የሚሸጠው አንድ፣ ሲኒውን የሚያበስለው ሌላ ሊሆን ስለሚችል አንዱ አበባ በብዙ ፋብሪካ ሲኒ ላይ ይገኛል። ወርቃማው ጠርዝም በኋላ፣ ዝቅ ባለ ሙቀት የሚጨመር ነው፤ በአመድና በሽቦ ሲፈተግ የሚለቀውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሲኒውን ገልብጡት። ማኅተም ካለው አገሩን፣ አንዳንዴም ፋብሪካውን ይናገራል። ማኅተም ባይኖረው እንኳ እግሩ አለ፦ ሻከር ያለ፣ ያልተቀባ ቀለበት። የሲኒው ቅባት እሳት ውስጥ ቀልጦ መስተዋት ይሆናል፤ ከእግሩ ካልተጠረገ ሲኒው ከምድጃው መደርደሪያ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። የቀለበቱ ስፋትና ከፍታ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ከአበባው ይልቅ የሚታመነው እሱ ነው። ቀለበቱን በምላስ ጫፍ ቢነኩት (ሻጩ ዞር ሲል ይሻላል) ምላስ የሚይዘው ውሃ የሚመጥ ሸክላ ነው፤ ፖርሴሊን አይዝም። ወደ ብርሃን ሲያነሱት ስስ ፖርሴሊን ከጀርባው ያለውን ጣት ጥላ ያሳያል። በጥፍር ሲመቱትም ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ግን ድምፁ የታፈነ ነው።

ይህን ጠባይ የሚሰጡት ካኦሊን የሚባለው ነጭ አፈር፣ ፌልድስፓርና ኳርትዝ ናቸው። 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሲደርሱ ፌልድስፓሩ ቀልጦ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል። ጀበናችን የሚበስለው ከዚያ በእጅጉ ባነሰ እሳት ነው። ቻይናዎች ይህን ጥበብ ከአውሮፓ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ይዘውት ኖሩ። ድሬዳዋ አጠገብ በምትገኘው ሀርላ የተቆፈረው ጥንታዊ ከተማ የቻይና ሸክላ ስብርባሪ ስለተገኘበት፣ የሩቅ ምሥራቅ ዕቃ ወደዚህ አገር መምጣት የጀመረው በመርካቶ ኮንቴይነር አይደለም። አውሮፓ ምስጢሩን ደርሳበት በጀርመን ማይሰን ፋብሪካ ያቆመችው በ1710 እ.ኤ.አ. ነው። ፈረንሳይ ደግሞ በ1768 እ.ኤ.አ. ከሊሞዥ ከተማ በስተደቡብ ሴንት ኢሪዬ በምትባል የገጠር ከተማ ነጩን አፈር አገኘች። የአንድ ሐኪም ሚስት ለልብስ ማጠቢያ ፈልጋው ነበር ይባላል። የሊሞዥ ስም በፖርሴሊን የወጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

አፈሩ እኛም ጋ አለ። ጉጂ ውስጥ ቦምቦዋ የሚባለው ቦታ በካኦሊኑ ይታወቃል፤ ሐዋሳ ላይም በተራራዋ ስም የተጠራው የታቦር ሴራሚክስ ፋብሪካ ተቋቁሟል። የመርካቶን መደርደሪያ የሞላው ግን ዛሬም የቻይና ሲኒ ነው።

ለተሰበረው ሲኒ አቻ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ፎቶ ሳይሆን ከቀሩት ሲኒዎች አንዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ይያዝ፤ ውፍረትና ክብደት በፎቶ አይታይም። ሞዴሉ ከገበያ ከጠፋ ምን አለሽ ተራ መሞከር አይከፋም፤ ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው አሮጌ ዕቃ መድረሻው እዚያ ነውና። አዲሱን የሚሸጠው የጅምላ ነጋዴ ግን ለአንድ ሲኒ ብሎ ካርቶን አይፈታም። ለአንድ የወጣችው ሴት ብዙ ጊዜ ሙሉ ስድስት ይዛ ትመለሳለች። አምስቱ አሮጌዎች ለለቅሶና ለማኅበር ይቀመጣሉ፤ እዚያ አበባ ገጠመ አልገጠመ ብሎ የሚያይ የለም።