በዕጣ የሚታዘዝ መድኃኒት

እ.ኤ.አ. በ1898 በጀርመን ኪል ከተማ አውጉስት ቢር የተባለ ቀዶ ሐኪም ኮኬይን በመርፌ ወደ ሰረሰር ፈሳሽ እያስገባ ከወገብ በታች ያለውን አካል ማደንዘዝ ጀመረ። ታካሚዎቹ ቢላዋው አልተሰማቸውም፤ ኋላ ግን ራስ ምታትና ማስመለስ ያዛቸው። ቢር ነገሩን በራሱ ላይ ሊያየው ፈለገ። ረዳቱ ሂልደብራንት መርፌውን ሲሰካለት ስሪንጁ አልገጥም ብሎ ፈሳሹ ፈሰሰ፤ ስለዚህ ተቀያየሩና ቢር ረዳቱን ወጋው። ቅልጥሙን በመዶሻ ቢመታውም ሰውየው አላመመውም። ቢር ግን በማግስቱ ሲቆም የሚነሣ፣ ሲጋደም የሚተው ራስ ምታት ያዘውና 9 ቀን ቆየበት።

የጀርባ መርፌ ዛሬ በኦፕራሲዮን ለሚወልዱ እናቶች የተለመደ ማደንዘዣ ነው፤ ራስ ምታቱም አብሮት ዘልቋል። መነሻው መርፌው የሰረሰሩን ሽፋን ሲበሳ የሚተወው ቀዳዳ ነው፤ በዚያ በኩል ፈሳሹ ይሾልካል። ሽፋኑን ከሚቆርጠው መርፌ ይልቅ እንደ እርሳስ የሾለው፣ ክሮቹን ገለል አድርጎ የሚገባው ይሻል ይሆን? መልሱ የተገኘው ለመሳተፍ ከፈቀዱ ታካሚዎች ነው። በ2018 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ለሰመመንም ለምርመራም ጀርባቸውን የተወጉ 31,412 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 110 ሙከራዎች አንድ ላይ ሲመረምር፣ ራስ ምታቱ በቆራጩ መርፌ 11 በመቶ፣ በሌላው 4.2 በመቶ ሆኖ አገኘው።

እንዲህ ወዳለው ክሊኒካዊ ሙከራ የሚገባ ሰው መጀመሪያ ይጣራል፤ ዕድሜው፣ ያለበት ሕመም፣ የሚወስደው መድኃኒትና የሚደረግለት ቀዶ ጥገና ይታያል። ስለ ጥናቱ ተነግሮት፣ ጠይቆና አስቦ ከተስማማ ይፈርማል። ቀጥሎ ያለው ብዙዎችን ግር ያሰኛል፦ የቱን ሕክምና እንደሚያገኝ የሚወስነው ሐኪሙ ሳይሆን ኮምፒውተር የሚያወጣው ዕጣ ነው። ብዙ ጊዜም ታካሚውም ሆነ ውጤቱን የሚመዘግበው ባለሙያ ለማን የቱ እንደደረሰ አያውቁም። ለደኅንነቱ የሚያሰጋ ነገር ከተፈጠረ ግን ምስጢሩ የሚከፈትበት መንገድ ቀድሞ ተዘጋጅቷል።

ዕጣው ያስፈለገው ሐኪሙ ራሱ ቢመርጥ ጠንካራ ታካሚዎች ወደ አንዱ፣ ደካሞች ወደ ሌላው ሊያዘነብሉ ስለሚችሉ ነው፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ የመድኃኒቱ ይሁን የታካሚው አይለይም። የሐኪም ግምትም ይስታል። የልብ ምትን የሚያዘገየው ሜቶፕሮሎል ከቀዶ ጥገና ጥቂት ሰዓታት በፊት ቢጀመር ልብን ይጠብቃል የሚል ተስፋ ነበር። 8,351 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2008 የታተመው ፖይዝ የተባለ ሙከራ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም እንደቀነሰ አሳየ፤ ስትሮክና ሞት ግን ጨምረው ተገኙ።

በአንዳንድ ሙከራዎች ለማነጻጸሪያ የሚሰጠው መድኃኒትነት የሌለው ባዶ መድኃኒት ነው። «ባዶው ከደረሰኝ በሕመም ልሰቃይ ነው?» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። የቀዶ ጥገና ሕመምን በሚያጠኑ ሙከራዎች የተለመደው አሠራር አዲሱን መድኃኒት ወይም ባዶውን በመደበኛው ማስታገሻ ላይ መጨመር ነው፤ ሕመሙ ካየለም ታካሚው ተጨማሪ ማስታገሻ ያገኛል። ምን ያህል እንዳስፈለገውም ከጥናቱ ውጤቶች አንዱ ሆኖ ይመዘገባል።

ሕመምን እንደ ደም ግፊት የሚለካ መሣሪያ ስለሌለ ነርሷ «ከ0 እስከ 10 ስንት ይሆናል?» ብላ ትጠይቃለች። የእኛ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ጨዋነቱ ያስመሰግናል፤ ቅጹ ላይ ግን ያ መልስ 2 ይሁን 8 አይታወቅም። ሕመሙን ችሎ ዝም ያለ ታካሚ የማይሠራውን መድኃኒት የሚሠራ ሊያስመስለው ይችላል። ጥያቄው ቤት ከገቡ በኋላም በስልክ ሊቀጥል ይችላል፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ ከ3 ወር ያለፈ ሕመም ራሱን የቻለ ችግር ነውና።

ትንሽ የሚመስል ቅሬታም ትልቅ ጥናት ይገባዋል። ከሰመመን በኋላ የሚመጣውን ማቅለሽለሽና ማስመለስ ለመከላከል 5,199 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ በ2004 ታተመ። ኦንዳንሴትሮን፣ ዴክሳሜታዞንና ድሮፔሪዶል እያንዳንዳቸው ችግሩን በሩብ ገደማ ቀነሱት። ከሦስቱ አንዱ ሌላውን ስላልበለጠ ርካሹን ማስቀደም ምክንያታዊ ሆነ። ይህ በጀቱ ለጠበበ ሆስፒታል ትልቅ ዜና ነው።

የሌላ አገር ውጤት ሁልጊዜ እንዳለ አይቀዳም። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ25 የአፍሪካ አገሮች የተካሄደና በ2018 የወጣ ጥናት፣ ታካሚዎቹ በዕድሜ ለጋ ሆነው ሳለ ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚሞተው ሰው ከዓለም አማካይ እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ እዚሁ የሚሠሩ ሙከራዎች ያስፈልጋሉ። በኢትዮጵያ የመድኃኒት ሙከራ ለመጀመር የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠየቃል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሲሳተፉ ደግሞ ስለ ጥናቱ የሚሰጠው መረጃ ተሳታፊው በሚገባው ቋንቋ እንዲቀርብ ደንቡ ያዛል፤ እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው እናት አስተርጓሚ ይምጣልኝ ቢሉ አስቸጋሪ አያሰኛቸውም።

ፊርማ የሚጠየቅበት ሰዓትም ቁም ነገር ነው። ምጥ ላይ ያለች ወይም የሚያፈዝ መድኃኒት የወሰደች ሴት ረጋ ብላ ልታስብ አትችልም። ሐኪምን «እምቢ» ማለት የሚያሳፍረው ሰውም እንደዚያው ነው። ሊታወቅ የሚገባው፣ እምቢ ያለም ሆነ ከመሐል የወጣ ታካሚ የሚገባውን መደበኛ ሕክምና አያጣም። ከመፈረም በፊት እነዚህን መጠየቅ ያዋጣል፦ ባልሳተፍ ምን ይደረግልኛል? ከተለመደው ሕክምና የሚለየው የቱ ነው? ብጎዳ ማን ያክመኛል፣ ወጪውን ማን ይሸፍናል? ሌሊት ቢያመኝ ለማን ልደውል? መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ጥናቱ ምን እንዳገኘ ማን ይነግረኛል? በ1964 የወጣውና በየጊዜው የሚታደሰው የሄልሲንኪ መግለጫ ተሳታፊዎች አጠቃላይ ውጤቱን የማወቅ ዕድል እንዲሰጣቸው ይላል። ውጤቱን መጠየቅ እንግዲህ ውለታ መለመን አይደለም።