ጥሬ ክትፎ

ክትፎ ከጉራጌ የመጣ፣ ዛሬ በመላው ኢትዮጵያ የሚበላ የከብት ሥጋ ምግብ ነው። ስሙ «ከተፈ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን በቢላ ደቅቆ የተቆራረጠ ማለት ነው። ጥሬውን፣ ለብለብ ተደርጎ ወይም በስሎ ይቀርባል። ይህ ጽሑፍ በተለይ ጥሬውን ይመለከታል።

አሠራሩ

ስብና ጅማት የሌለው ቀይ ሥጋ ተመርጦ ይከተፋል፤ ከዚያም በቀለጠ ንጥር ቅቤ፣ በሚጥሚጣና በኮረሪማ ይታሻል። ቅቤው ለብ ያለ መሆን አለበት። በጣም ከጋለ ሥጋውን ያበስለዋል፣ ከቀዘቀዘ ደግሞ ይረጋል። ከእንሰት ከሚሠራው ቆጮ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር ይበላል። በወልቂጤ፣ በቡታጅራና በዙሪያቸው ባሉ መንደሮች ዋናው ወቅቱ መስቀል (መስከረም 17) ነው። ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ለበዓሉ የሚመለሰው ሰው ክትፎ ሳይበላ አይመለስም።

ክትፎና ሱሺ

ጥሬ ምግብ ሲነሣ በዓለም ላይ ቀድሞ የሚጠቀሰው የጃፓኑ ሱሺ ነው። ሱሺ ግን የውቅያኖስ ምግብ ሆኖ አልጀመረም። ጥንታዊው ዓይነት የወንዝና የሐይቅ ዓሣ በጨውና በሩዝ ታምቆ ለወራት የሚብላላበት ነበር፤ በጃፓን ቢዋ ሐይቅ አካባቢ ዛሬም ይሠራል። በኢትዮጵያም ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ ጥሬ ቆሮሶ በአዋዜ ይበላል።

በዛሬው ሱሺ ከባሕር መራቅ ትልቅ ችግር አይደለም፤ ምክንያቱም ዓሣው አስቀድሞ ይቀዘቅዛል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መመሪያ ጥገኛ ትሎችን ለመግደል ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ7 ቀን ማቆየትን ይጠይቃል። ክትፎ በተቃራኒው የሚመካው በትኩስነቱ ነው፤ ከብቱ እዚያው ታርዶ በዕለቱ ይበላል። ትኩስነት ሥጋው እንዳይበላሽ ይረዳል፣ የኮሶ ትልን ግን አይከላከልም። እንዲያውም በዕለቱ በታረደ ሥጋ ውስጥ ያለው እጭ ሕያው ነው።

የኮሶ ትል

ትሉ የሚኖረው በሰው አንጀት ውስጥ ሲሆን በርካታ ሜትር ሊረዝም ይችላል። ዕንቁላሉ ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፣ ከብቱ ይግጠዋል፣ እጩም በጡንቻው ውስጥ ትንሽ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ሰው ያን ሥጋ ጥሬውን ሲበላ ዑደቱ ይዘጋል። ስለዚህ መጸዳጃ ቤትም የክትፎ ጉዳይ ነው።

በቄራ የሥጋ መርማሪ ምላስን፣ ልብንና የመንጋጋ ጡንቻን ሰንጥቆ እጩን ይፈልጋል፤ ጥቂት ከሆነ ግን ሊያመልጠው ይችላል። በቅርጫ በሰፈር የሚታረደውን ከብት ደግሞ ብዙ ጊዜ መርማሪ አያየውም። ሚጥሚጣም ሆነ አብሮ የሚጠጣ አረቄ እጩን አይገድልም። ለብለብም ቢሆን መሐሉ በደንብ ካልጋለ ዋስትና የለውም። የሚያስተማምነው በሚገባ ማብሰል፣ ወይም ሥጋውን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ቢያንስ ለ10 ቀን ማቀዝቀዝ ነው። ሁለተኛው ክትፎ ወዳዱን ደስ አያሰኘውም።

ለትሉ የቀድሞው መድኃኒት የኮሶ ዛፍ የሴቴ አበባ ነው፤ ትሉም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። አበባው ተፈጭቶና ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። መጠኑ ከበዛ ዓይንን እስከማጥፋት ሊጎዳ ይችላል። ዛሬ በጤና ተቋማት የሚሰጡት ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ መውሰድ ይበቃል።